ጨርቁን የረሳው ሰው

መኪናዋ ደጃፉ ላይ ቆመች፤ ሞተሯ ግን አልጠፋም።

ሸራው ሥር የተቀመጡት ለቀስተኞች አንገታቸውን አሰግገው ወደ በሩ አዩ። ለቅሶ የመጣ ሰው ወይ ይገባል፣ ወይ ቤቱን ተሳስቶ ከሆነ መንገዱን ይቀጥላል እንጂ ሞተር እንዳስነሳ ደጅ አይቀመጥም። ጎረቤታቸው ጎሚስታ፣ ዕድሜ ልኩን ጎማ ሲነፋ ወሬም አብሮ ሲነፋ የኖረ ሽማግሌ፣ "ምነው፣ ሾፌሩን እንቅልፍ ጣለው እንዴ?" ብሎ ሳቁን በመዳፉ አፈነ።

አስር ቁጥር የሚሉት ሰው ብቻ ዞር አላለም። የሻይ ብርጭቆ የተደረደረበትን ትሪ እንደያዘ ባለበት ደርቆ በሆዱ ይቆጥር ነበር። ሠላሳ አንድ፣ ሠላሳ ሁለት። ማን እንደመጣች በድምፁ አውቋል፤ ያቺን ባለ ሦስት ሲሊንደር ሞተር ሺህ መኪና መሀል ቢያቆሟት አይስታትም። ስልሳ ላይ ሲደርስ ሞተሩ ዝም አለ። የመኪና በር ተዘጋ፤ ወዲያው ባለቤቷ፣ የጋራዡ ደንበኛ የሆነችው ፋርማሲስት፣ ጥቁር ሻሽዋን እያስተካከለች ገባች።

እሱም ትሪውን እንደያዘ ወደ ማድቤት ተመለሰ።

"ምነው ተመለስክ?" አለችው ዕቃ የምታጥበው ዘመዳቸው።

"ሻይ አለቀ" አላት። ትሪው ላይ የነበሩት ስምንት ብርጭቆዎች እስከ አፍ ገደፋቸው ሞልተው ይጨሱ ነበር።

በእውነተኛ ስሙ የሚጠራው ሰው ከጠፋ ቆይቷል። አስር ቁጥር መፍቻ ጋራዥ ውስጥ ከሁሉ በላይ የምትፈለግ፣ ከሁሉም በፊት የምትጠፋ ዕቃ ናት። ታላቅ ወንድሙ ሥራ ሲያስለምደው "ስፈልግህ የለህም፤ ሳልፈልግህ እግሬ ሥር ትጋረጣለህ፤ አንተ ራስህ አስር ቁጥር ነህ" አለውና በዚያው ጸና። ዛሬ አርባ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ጸጉሩ ከግንባሩ ሸሽቷል፤ ስሙ ግን ያው ነው። ያንን ስም ያወጣለት ሰው ከተቀበረ ይኸው ሦስተኛ ቀኑ ሆነ።

ሟቹን ደግሞ ሰዉ ሁሉ "ባለጆሮው" ይለው ነበር። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ይጨፍንና "ይቺ ሦስተኛዋ ሲሊንደር ነች የምታቃስተው" ይላል። ሲፈታ ሦስተኛዋ ሆና ትገኛለች። አንድ ማለዳ ጋራዡ በር ላይ ካለችው ዱካ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ልቡ ቀጥ ስትል ግን ማንም ቀድሞ አልሰማም።

የመጀመሪያውን ቀን አስር ቁጥር ከልቡ አለቀሰ። "አይዞህ፣ ወንድም ብቻ አይደለም፣ አባትህ ነው የሞተብህ" ሲሉት ይብስበት ነበር። ሰዎቹ ሐዘን መስሏቸዋል፤ ሐዘንም ነበር፤ ከሐዘኑ ሥር ያለውን ግን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ሁለተኛውን ቀን ሥራ ውስጥ ተደበቀ። ወንበር ተሸከመ፣ ውሃ ቀዳ፣ ሸራውን ሁለት ጊዜ ፈትቶ ሁለት ጊዜ ወጠረ። የወንድሙ ሚስት ከተቀመጠችበት ፍራሽ ላይ ሆና "ኧረ ተቀመጥ፣ ጉልበትህ ያልቃል" አለችው። ዓይኗን ማየት አቅቶት "እሺ እትዬ" ብሎ ወንበር ሊያመጣ ሄደ።

ዛሬ ግን ማድቤት ውስጥ ለዘላለም መቆም አይቻልም። ትሪውን ይዞ ወጣ።

ፋርማሲስቷ ከባልቴቷ፣ ከሟቹ ሚስት፣ አጠገብ ተቀምጣ እጇን ይዛለች። "እግዚአብሔር ያጽናሽ" አለቻት። "እኔ እኮ መኪናዬን ባጠፋሁ ቁጥር ነው የማስታውሳቸው። 'የኔ ልጅ፣ ከሩጫ መጥተሽ ድንገት አታጥፊያት፤ ትንፋሿን ትሰብስብ' ይሉኝ ነበር። አሁንም በር ላይ አንድ ደቂቃ ቆጥሬ ነው ያጠፋኋት።"

"አሃ!" አለ ጎሚስታው። "እኛ ደግሞ ተኝተው ነው ብለን።"

ባልቴቷ ፈገግ አለች፤ ከሦስት ቀን ወዲህ የመጀመሪያ ፈገግታዋ ነበር። "ትንፋሿን ትሰብስብ" ብላ ደገመችው።

አስር ቁጥር ብርጭቆ ማቀበሉን ቀጠለ።

ያቺ ሞተር መጀመሪያ ወደ ጋራዡ የመጣች ቀን ትዝ አለችው። ወንድሙ ዕድሜውን የፈጀው ሰው ተኝቶ ሊያድርባቸው በሚችሉ ትልልቅ ሞተሮች ላይ ነው። ኮፈኑን ሲከፍት ሳቁ መጣ። "ይሄ ምንድን ነው? የልብስ ስፌት ነው?" አለ። ቀጥሎ ነድቶ ሲመለስ ግን አልሳቀም። ዳገቱን እንዴት እንደወጣችው አልገባውም። ያልገባው ነገር ደግሞ እንቅልፍ ይነሳዋል። ባለ ስልሳ ዓመቱ ሰውዬ መነጽር ገዛ፤ ደብተር ገዛ፤ ሞተሯ ላይ እንዳለው ያለ የተጣለ ቱርቦ ከየትም ፈልጎ ጠረጴዛው ላይ በትኖ ተቀመጠ።

በአንድ ሳምንቱ ታናሹን ጠራው። "ና እየው፣ አስር ቁጥር። ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ ይቺን መዘውር ያሽከረክራል። ይቺ በዘንጓ ያቺኛዋን ታዞራለች። ያቺኛዋ አየር እየሳበች ሞተሩ ውስጥ ታጭቃለች። አየር ሲበዛ ቤንዚኑም ይጨመራል፤ ትንሿ እንደ ትልቅ ትጎትታለች። የጣልኩትን ጭስ አንስታ የምትሠራበት! እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጭስ ሳባክን ነው የኖርኩት ማለት ነው።"

"ታዲያ ምኗ ያስቸግራል ጋሼ?"

"ዘንጓ። ይቺ ዘንግ ብረት ላይ አይደለም የምትቆመው፣ ዘይት ላይ ነው የምትንሳፈፈው። ዘይቱ ከቆሸሸ፣ ከዘገየ፣ ወይም ዓይነቱ ካልሆነ አለቀላት። እንደጋለች ካጠፋሃት ደግሞ ዘይቱ ይቆምና እላይዋ ላይ ያርራል። ትንሽ ናት ብለህ አትናቃት። ትልቁ ሞተር ብትሳሳትበትም ይችልሃል፤ ይቺ አንዲት ስንጥር አትችልም።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጋራዡ ውስጥ አዲስ ሕግ ወጣ። የቱርቦ ቱቦ ሲፈታ አቧራ እንዳይገባ አፉ በጨርቅ ይወተፋል። ጨርቁን የወተፈ ሰው የመኪናውን ቁልፍ ኪሱ ይከታል፤ ጨርቁን በእጁ ሳይዝ ቁልፉን አያወጣም። "ጨርቅ ሲገባ ቁልፍ ኪስ፤ ጨርቅ ሲወጣ ቁልፍ መሪ" እያለ ወንድሙ እንደ ዘፈን ያንጎራጉራት ነበር። ቁልፉ መሪው ላይ ከተገኘ ሞተሩን ማስነሳት ይቻላል ማለት ነው፤ ሌላ ጥያቄ የለም።

"ሙት ወቃሽ አያድርገኝና" አለ ጎሚስታው ሻዩን ፉት ብሎ። አስር ቁጥር ይቺን አነጋገር ሲሰማ ምን እንደሚከተል አወቀ። "ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ባለጆሮውን የገደለችው ያቺ ጨርቅ ናት። እጁ አንድ ቀን ሳተች፤ ከዚያ በኋላ ሰው አልሆነም። እኔስ ስንቱን ጎማ ሳላጠብቅ ሰድጄ የለ! እሱ ግን ኩሩ ነበር።"

"ተው እንጂ፣ አሁን ይሄ ይነሳል?" አለ አንዱ ከጎኑ።

"ምን አልኩ? ሰው ነው፣ ይረሳል ነው ያልኩት።"

ፋርማሲስቷ ቀላ አለች፤ የተረሳባት ጨርቅ የሷው መኪና ውስጥ ነበርና። ወደ ባልቴቷ ጎንበስ ብላ "እኔ በውነቱ በዚያው ቀን ነው ይቅር ያልኳቸው" አለች። "ቱርቦዋንም ራሳቸው ቀይረው አዲስ አድርገው ነው የመለሱልኝ። ቅር ብሎኝ አያውቅም።"

ባልቴቷ ጉልበቷን ይዛ ከፍራሹ ለመነሳት ሞከረች። አልሆነላትም። በተቀመጠችበት ጎንበስ ብላ የሴትዮዋን እጅ ሳመች። "ተባረኪ" አለች። "ያቺ ነገር እንደከበደችው ነው የሞተው። ስለ እሱ ሆኜ እኔ ይቅርታ ልጠይቅሽ።"

አስር ቁጥር መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ትሪው እጁ ላይ ነው፤ ትሪው ላይ አንድ ብርጭቆ ቀርቷል።

ያን ቀን፣ ከሁለት ዓመት በፊት፣ ጨርቁን የወተፈው እሱ ነበር። ዘንጓ አለመላላቷን በጣቱ ነካክቶ አይቷል፤ ደህና ነች። ስልኩ ጮኸ። ጓደኞቹ ናቸው፤ ኳስ ሊጀመር ነው፤ ቦታ ይዘውለታል። "መጣሁ፣ መጣሁ" እያለ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሀል ይዞ ቱቦውን መልሶ ገጠመ። ጨርቁ ውስጥ ነው። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ መሪው ላይ ሰካ። "ጋሼ፣ አልቋል፣ አስነሳት!" ብሎ እጁን ሊታጠብ ወደ ጓሮ ሄደ።

ወንድሙ ቁልፉ መሪው ላይ መሆኑን አየ። ሕጉን ያወጣው ራሱ ነው፤ አመነ። አስነሳት።

ጩኸቱ ጓሮ ድረስ ተሰማ። አስር ቁጥር በሳሙና እጁ ሮጦ ሲመጣ ሞተሯ ጠፍታለች፣ ቱቦው ተነቅሏል፤ ወንድሙ ከመዘውሯ ጥርስ ላይ የተቦጫጨቀ ጨርቅ እየመዘዘ ነበር። ቀና ብሎ አየው። ለረጅም ጊዜ አይደለም፤ አንድ ትንፋሽ ያህል ነው። ከዚያ በሩ ላይ የሴት ጫማ ኮቴ ተሰማ፤ ፋርማሲስቷ መኪናዋን ልትወስድ መጥታለች። ወንድሙ ጨርቁን ጨብጦ ቱታው ኪስ ከተተና ዞር አለ።

"የኔ ልጅ፣ ጥፋት ሠርቻለሁ" አላት። "ጨርቅ ረስቼ አስነሳኋት። ዓይኔ ደክሟል መሰለኝ።"

አስር ቁጥር አጠገቡ ቆሞ እጁን ያደርቅ ነበር። እጁ ደርቆ አልቆ እንኳ ያደርቅ ነበር።

ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ "ጋሼ፣ እኔ እኮ..." ሲል ወንድሙ አስቆመው። "ተወው። የኔ ስም ያረጀ ቀለም ነው፣ አንድ ጭረት አይታይበትም። ያንተ ገና አልደረቀም።" ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አላነሳውም። አስር ቁጥርም ነገ እናገራለሁ አለ፤ ነገ ሲመጣ ደግሞ ለከነገ ወዲያ አሳደረው።

ጭረቱ ግን ታየ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ባለጆሮው ግን ሁሉንም ይሰማ ነበር። ደንበኞች መኪናቸውን ሲያመጡ "ታናሽህ አለ?" ማለት ጀመሩ። "አይ፣ እሱ ሲመጣ እንመለሳለን" አሉ። በስድስት ወሩ ወንድሙ ዱካውን በር ላይ አወጣና ተቀመጠባት። ሞተር ሲነሳ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል፤ መነጽሩን ያወልቅና ይወለውላል፤ መልሶ ያደርጋል። አስር ቁጥር በዚያ በር በቀን ሃያ ጊዜ ሲወጣና ሲገባ ፊቱን ላለማየት ስልኩን ያይ ነበር።

"ጨርቁን የረሳሁት እኔ ነኝ።"

ትሪውን እንደያዘ ሸራው ሥር በሹክሹክታ ነበርና የተናገረው ማንም አልሰማውም። ጎሚስታው "ሻይ ልትሰጠኝ ነው?" አለው።

ትሪውን መሬት ላይ አስቀመጠ። "ጨርቁን የረሳሁት እኔ ነኝ" አለ ደግሞ። "ጋሼ አይደለም። የወተፍኩት እኔ፣ ቁልፉን መሪው ላይ ያደረግኩት እኔ፣ አስነሳት ያልኩትም እኔ ነኝ። እሱ አምኖኝ ነው ያስነሳት። ለኔ ብሎ ነው ዓይኔ ደክሟል ያለው። እኔም ዝም አልኩ።"

ሸራው ሥር የነበረው ሃያ ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ጎሚስታው ለሻይ የዘረጋውን እጁን ሰበሰበ፤ በሕይወቱ ወሬ ያጠረበት ቀን ያ ቀን ሳይሆን አይቀርም።

መጀመሪያ የተናገረችው ፋርማሲስቷ ናት። "እኔ እኮ ከዚያ በኋላ ቁልፌን ለሳቸው ሰጥቼ አላውቅም" አለች ቀስ ብላ። "ሰላም ብያቸው አልፌ ላንተ ነበር የምሰጠው። እያዩኝ።"

አስር ቁጥር ወደ ባልቴቷ ዞረ። ስድብ ጠብቆ ነበር፤ ስድብ ቢመጣ በቀለለው። እሷ ግን የምታየው መዳፏን ነበር።

"ቀልጄበታለሁ" አለች።

"እትዬ..."

"ማዕድ ላይ ዳቦ ሲያቀብለኝ 'ጨርቅ እንዳይሆን እያየህ' እለው ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ። እሱም አብሮኝ ይስቃል።" ከመዳፏ ቀና ብላ አየችው። "አንተም ማዕዱ ላይ ነበርክ። አንተም ትስቅ ነበር።"

እውነቷን ነው፤ ይስቅ ነበር። ይህን እስካሁን ለራሱ እንኳ አልነገረውም።

"ከፊቴ ሂድልኝ" አለችው። ጮክ ብላ አልነበረም።

ሄደ። ጋራዡ ከግቢው ቀጥሎ ነው፤ ገብቶ ከበሩ ኋላ መሬት ላይ ተቀመጠ። ለቀስተኞች እየተሰናበቱ ሲወጡ ኮቴያቸውን ይሰማል። ፋርማሲስቷ መኪናዋን አስነስታ ሄደች። ሌሎቹ በሹክሹክታ ነበር የሚያልፉት። አንዱ "ወንድም ብሎ ዝም!" ሲል ሰማ፤ ሌላው "ዛሬስ ቢሆን መናገሩ" አለ። ማን እንዳለው ለማየት ቀና አላለም። የሰው ፊት እሳት ነው የሚሉት ገባው።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ግን ተመልሶ ሄደ። የሚሄድበት ሌላ ቤት የለውም። ማንም ግባ አላለው፣ ማንም ውጣ አላለው። ወንበር ደረደረ፤ ግቢውን ጠረገ። ሻይ ሲያቀብል አንዳንዱ እጅ ተዘርግቶ ይቀበለዋል፣ አንዳንዱ "አስቀምጠው" ይለዋል። ጎሚስታው ቦታ ለቆ "ና፣ እዚህ አረፍ በል" አለው። አስር ቁጥር አመስግኖ ቆሞ ቀረ።

ወደ ቀትር ገደማ ሰው ሳሳ ሲል ባልቴቷ ከውስጠኛው ክፍል ጠራችው። በስሙ አልጠራችውም፤ "አንተ" ነው ያለችው።

ክፍሉ ውስጥ የወንድሙ ቱታ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ታጥቦ ነበር፣ የጉልበቱ ጥቁር ነገር ግን አልለቀቀም። ከቱታው ኪስ አንድ እጥፋት ጨርቅ አወጣች። ጫፉ የተቦጫጨቀ፣ ሰማያዊና ነጭ መስመር ያለበት ጨርቅ ነው።

"ይሄን ታውቀዋለህ?"

አወቀው። እሷው የገዛችለት ማሊያ ነው፤ ሲያረጅ ቀዶ ለሥራ ያደረገው። እንዲህ ያለ ጨርቅ ጋራዡ ውስጥ የሚይዝ እሱ ብቻ ነበር። ማንም ቢያየው የማን እንደሆነ ይታወቅ ነበር።

"ቱታውን ባጠብኩ ቁጥር ከኪሱ አወጣዋለሁ" አለች። "ሊጥለው ረስቶ ነው ብዬ አንድ ቀን ጣልኩት። ከቆሻሻ ውስጥ ፈልጎ አወጣው። 'ምን ያደርግልሃል?' ብለው 'መነጽሬን የሚያጠራልኝ ይሄ ብቻ ነው' አለኝ። ሁለት ዓመት በዚህ ነው ሲወለውል የኖረው። እኔ አላወቅኩም። አንተ አላየህም?"

"አላየሁም" አለ። "ፊቱን አላየሁም ነበር፣ እትዬ። ሁለት ዓመት።"

መደርደሪያው ላይ፣ ከፎቶው አጠገብ፣ የሟቹ መነጽር ተቀምጧል፤ የአራት ቀን አቧራ ለብሷል። አነሳችና ከጨርቁ ጋር እጁ ላይ አደረገችለት።

"ጥረገው" አለች። "ሰው ይመጣል።"

አንደኛውን መስታወት ጠረገ። ወንድሙ እንደሚያደርገው ወደ መስኮቱ አንስቶ አየው፤ የራሱ እንባ ተንጠባጥቦበታል። እንደገና ጠረገው። ሁለተኛውንም ጠረገ፤ እሱም ረጠበ። ጨርቁን በሌላ በኩል አጥፎ እንደገና ጀመረ።

"በቃ፣ ጠርቷል" አለች እትዬ።

እሱ ግን መወልወሉን አላቆመም።